ቢጫዋ መኪና በልክ ቤት

ስሙን በማልጠራው በዚያ አገር መቅደም ነውር ነው። በእግርም ቢሆን፣ በበቅሎም ቢሆን፣ በመኪናም ቢሆን ያው ነው። የሚቀደመው ሹም ከሆነ ደግሞ ነውሩ ወደ ወንጀል ያድጋል። የሹም መኪና መንገድ ላይ ከታየ ከኋላው ያለው ሁሉ ይሰለፋል። ሹሙ ቀስ ካለ ቀስ ይላል፤ ሹሙ ወርዶ ከወዳጁ ጋር ቢያወጋ ወጉ እስኪያልቅ ሞተሩን አጥፍቶ ይጠብቃል። የአገሩ ሰው ይህን ሲያወራ አያፍርም፤ እንዲያውም «እኛ ዘንድ የመኪና አደጋ የለም» ብሎ ይኮራል። እውነቱን ነው። እዚያ አገር ሰው በመኪና አይሞትም፤ መኪና እየጠበቀ ነው የሚሞተው።

ትብለጥ ይህን ሁሉ አታውቅም ነበር። የተወለደችው ከባሕሩ ማዶ ነው። በእሷ አገር የዳገት ውድድር የሚባል ነገር ነበር፤ ጠመዝማዛውን የተራራ መንገድ ከግርጌ እስከ አናት በመኪና ማን ቶሎ ይወጣዋል ነው ነገሩ። ደጋግማ አሸንፋለች። መኪናዋ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው፣ የዱባ አበባ የመሰለች ቢጫ የስፖርት መኪና ናት። አንድ ጋራዥ ጓሮ ውስጥ ሣር በቅሎባት አግኝታት፣ ሞተሯን እስከ መጨረሻዋ ቡሎን ፈትታ፣ አጥባ፣ መልሳ የገጠመቻት ራሷ ናት። ባሏን ይርዳውንም ያገኘችው በዚችው መኪና ነው። ይርዳው የዚያ ስሙን የማልጠራው አገር ልጅ ነበር፤ ለትምህርት ወጥቶ እሷ አገር የቀረ። አንድ እሑድ ከጎኗ ተቀምጦ ዳገቱን አብሯት ወጣ። ሲጀምሩ ዓይኑን ጨፈነ፣ ግማሽ ላይ ገለጠው፣ አናቱ ላይ ሲደርሱ እንባው እስኪመጣ እየሳቀ «ድገሚልኝ» አላት። በዚያ ሳቅ ተጋቡ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዓመታት በኋላ የይርዳው አባት አቶ ዘገየ አርጅተው ብቻቸውን ቀሩ። ትብለጥ አላመነታችም። አባትህ አባቴ ናቸው፣ ሄደን እንጦራቸዋለን፣ ግን መኪናዬን ትቼ አልሄድም አለችው። ይርዳውም አንዲት መኪና ናት፣ ማን ምን ይላል አለ። ካገሩ ርቆ ብዙ ስለኖረ አገሩን ረስቶት ነበር።

ኮንቴነሩ ወደብ ላይ ሲከፈት የተቀበሏቸው ሰዎች እጅግ ትሑታን ነበሩ። የወደቡ ሹም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ፤ ለትብለጥ ሳይሆን ለመኪናዋ። ከዚያ ቁልፉን ጠየቀ። ትብለጥ ራሷ ነድታ እንደምትወጣ ነገረችው። እሱም በለስላሳ ድምፅ፣ መኪናዋ ባሕር ላይ ስለደከመች ማረፍ እንዳለባት፣ ካረፈች በኋላ አገር መልመድ እንዳለባት፣ ከለመደች በኋላ ልክ ቤት ተመዝግባ ታርጋ እንደምታገኝ አስረዳት። ልክ ቤት የሚባለው ከውጭ የሚገባን ነገር ሁሉ፣ ጃንጥላም ይሁን ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ከአገሩ ልክ ጋር የሚያስተካክል መሥሪያ ቤት ነው።

«መኪና አይደክማትም» አለች ትብለጥ።

«እርስዎ ግን ደክሞዎታል» አላት ሹሙ በሐዘኔታ።

ይርዳው ክንዷን ያዝ አደረጋት። ቁልፉን ሰጠች። የወደቡ ጸሐፊ ስሟን ሲጠይቃት ትብለጥ አለችው። «ትብለጥ፣ ከማን?» አለ። ቀልድ መስሏት ሳቀች። ጸሐፊው አልሳቀም፤ ብዕሩን እንዳነሳ መልሷን ይጠብቃል።

ክረምቱ ገብቶ ወጣ፤ መኪናዋ ግን ገና አልለመደችም ተባለ። ትብለጥ መኪናዋ ወደቆመችበት ማላመጃ ግቢ እየሄደች በአጥሩ ቀዳዳ ታያታለች። ቢጫው ቀለም አቧራ ለብሷል። ዘበኛው ግቢ ውስጥ የሚኖሩ ዶሮዎችን ጣራዋ ላይ ያሰፍራል፤ እንድትለምድ ነው ይላል። በመጨረሻ የልክ ቤቱ የበላይ፣ ልክ ሹም ቢሻው የሚባለው ሰው አስጠራቸው። ቢሻው በዕድሜው ማንንም ተቆጥቶ አያውቅም ይባላል። ድምፁ እንደ ለጋ ቅቤ ነው። ሰውን ሲያሰናብት እስከ በሩ ይሸኛል።

መኪናዋ ወንበር እንደሚያንሳት ነገራቸው። በአገሩ ሕግ አንድ መኪና ባለቤቱን፣ የባለቤቱን ቤተሰብና መንገድ ላይ የሚያጋጥምን አንድ ሹም መያዝ አለበት። ባልና ሚስት ሁለቱን ወንበር ከያዙ ሹሙ የት ይቀመጣል? ትብለጥ በራሱ መኪና ይሂዳ አለች። ቢሻው መልሱን ለረጅም ጊዜ ካሰበበት በኋላ ወደ ይርዳው ዞሮ፣ ባለቤትህም ገና አልለመደችም አለው። መፍትሔ ሆኖ የተገኘው ከሾፌሩ ጎን ያለውን ወንበር ነቅሎ ቦታውን ለሹም ክፍት ማድረግ ነበር። ይርዳው የሚስቀው በዚያ ወንበር ላይ ነበር። አሁን ግን ራሱን ነቅንቆ ተስማማ።

ቁመቷን ሲለኩ ደስ አላቸው። ዝቅ ያለች ስለሆነች ውስጧ የተቀመጠ ሰው ያገኘውን ሁሉ ቀና ብሎ ነው የሚያየው፤ ይህ በአገሩ መኪኖች እንኳ ያልታየ ጨዋነት ነው አሉ። የተወደደላት ግን ይኸው ብቻ ነው።

ቀጥሎ የድምፅ ፈተና መጣ። ልክ ቤት የድምፅ ሹም የሚባል አለው፤ ሥራው ጆሮ ነው። የማንም ሰው መኪና ድምፅ ከበላይ ሹሙ ሳል መብለጥ የለበትም። የትብለጥ መኪና ስትነሳ በለጠች። የድምፅ ሹሙ ከኋላ የሚወጣውን ድምፅ ተከትሎ ሄዶ ማርሚታውን አገኘና እንዲነቀል አዘዘ። ትብለጥ ማርሚታ ድምፅ የሚያፍን እንጂ የሚያወጣ ዕቃ እንዳልሆነ አስረዳች፤ ቀጥሎ ለመነች፤ በመጨረሻ ጮኸች። ነቀሉት። ድምፁ ግንብ የሚያፈርስ ሆነ። የድምፅ ሹሙ ሁለት ጆሮውን ይዞ፣ እንግዲያው ጥፋቱ የሞተሩ ነው ብሎ ፈረደ። ሞተሩም ተነቀለ። ያን ጊዜ መኪናዋ የድምፅ ፈተናውን በሙሉ ነጥብ አለፈች።

ትብለጥ ይህን ስትሰማ ደሟ ፈልቶ ልክ ሹሙ ቢሮ ገባች። ቢሻው ብድግ ብሎ ተቀበላት። የተቀመጠበትን ያየችው ያኔ ነው። አራት የእንጨት እግር ተሠርቶለት፣ የስፖርት መኪናዋ ወንበር ከጠረጴዛው ጀርባ ቆሟል።

«ይሄ የኔ ወንበር ነው» አለች።

«አዎን» አለ ቢሻው። «ቦታው ለሹም ይተው ተብሎ አልነበር? እኔም ሹም ነኝ። ወገቤን አሳረፈልኝ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።» እስከ በሩም ሸኛት።

ያን ቀን ማታ ያልተናገረችው ነገር አልነበረም። ይርዳው መስኮቶቹን እየዞረ ዘጋ። ከባሕር ማዶ እያለ ጎረቤት እስኪቆጣ የሚስቅ ሰው ነበር፤ እዚህ ከመጡ ወዲህ ድምፁ በየወሩ እየቀነሰ ሄዶ አሁን ለማዳመጥ መጠጋት ያስፈልጋል። መንገድ ላይ እንኳ ሰው እንዳይቀድም ብሎ ከሚስቱ ኋላ መሄድ ጀምሯል። አገሩ እንዲህ ነው አላት። ብትችዪው ይሻላል አላት። እሷ ደግሞ ከንዴቷ ብዛት የሞተሩን መቅረት ሳይሆን የሱን መቅረት ነበር የምታለቅሰው፤ ይህንን ግን ለራሷም አልነገረችም።

በዚያ ቤት ያልፈራ አንድ ሰው ቢኖር አቶ ዘገየ ነበሩ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ እየተባሉ ያደጉና ዕድሜ ልካቸውን ማንንም ቀድመው የማያውቁ ሽማግሌ ናቸው፤ ፍርሃታቸው ከጉልበታቸው ጋር አብሮ አልቆ ይሁን ወይ ሌላ፣ ምራታቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው ስለ ዳገቱ ማስወራት ይወዳሉ። በፍጥነት ስትሄጂ ነፋሱ ጆሮሽ ላይ ምን ይላል፣ ልብ ስንጥቅ ይላል ወይ፣ ዛፎቹ ይታያሉ ወይስ አይታዩም እያሉ ይጠይቋታል። እሷ ማርሹን በባዶ እጇ እየቀያየረች ታሳያቸዋለች። አንድ ቀን እሳቸውንም እንድትወስዳቸው ቃል አስገቧት።

ለምዝገባው የቀረው ምስጋና ነው ተባለ። በዚያ አገር ጉዳዩ ያለቀለት ሰው ሁሉ ልክ ቤት አዳራሽ ሕዝብ ፊት ቆሞ «ልኬን ስላሳያችሁኝ አመሰግናለሁ» ይላል፤ ከዚያ ታርጋው ይሰጠዋል። ሳያመሰግን የወሰደ የለም። ትብለጥ ምላሴ ይቆረጥ እንጂ አልልም አለች። ወራት አለፉ። ከዕለታት አንድ ቀን ጠዋት የጭነት መኪና ደጃቸው ቆሞ ቢጫዋን መኪና አራገፈ። ታርጋ ተለጥፎባታል። ሊብሬውም መጣ፤ የመኪናው ዓይነት በሚለው ላይ ሞተር ስለሌላት «የማይንቀሳቀስ ንብረት» ተብሏል።

ትብለጥ ኮፈኑን ከፈተችው። ሞተር በነበረበት ጉድጓድ ውስጥ ገለባ አለ፤ ዶሮ ታቅፋበት ኖራለች። ኮፈኑን ቀስ ብላ ዘጋችና ወደ ባሏ ዞረች።

«ማን አመሰገነ?»

«እኔ» አለ ይርዳው።

«በማን ስም?»

«ባል ለሚስቱ ማመስገን ይችላል አሉኝ። ደጅሽ እንድትመጣልሽ ብዬ ነው።»

«የመጣው ሬሳዋ ነው» አለች። «ልክ ቤት መኪናዬን ወሰደ። ስሜን የወሰድከው ግን አንተ ነህ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ አልጋ ለየች። ምግብ ታቀርብለታለች፣ ልብሱን ታጥባለች፤ ቃል ግን አትሰጠውም። ይርዳውም አልተከራከረም። ጥፋቱን ያወቀ ይመስላል፤ ግን ያወቀውን ነገር ጮክ ብሎ የሚልበት ድምፅ አልነበረውም።

በዚህ መሐል አቶ ዘገየን ደረታቸውን ወጋቸው። ጠዋት ነው፤ ፀሐይ ገና መውጣቷ ነው። ላብ አሰመጣቸው፤ ከንፈራቸው ጠቆረ። ሆስፒታሉ ከተማው አናት ላይ ነው፤ የሚወስደው መንገድ ጠመዝማዛ ዳገት ነው። ታክሲ ጠርተው ይርዳው ከኋላ አባቱን አቅፎ ተቀመጠ፤ ትብለጥ ጋቢና ገባች። መንገዱን እያየች እያንዳንዷን ኩርባ በልቧ ትቆርጣታለች። እንዲህ ያለውን ዳገት በመኪናዋ ስትወጣው ሰው አንድ ብርጭቆ ውኃ ጠጥቶ አይጨርስም።

ሁለተኛው ኩርባ ላይ የሹም መኪና አገኙ። ልክ ሹም ቢሻው ነው፤ ለጉብኝት እየወጣ። ታክሲው ከኋላው ተሰለፈ። የቢሻው መኪና የሰው እርምጃ ያህል እየሄደ ጥቂት ወጣና አንድ የበቆሎ ማሳ ዳር ቆመ። ባለ ማሳው እሸት ጠብሶ ሊያቀርብለት እየተጣደፈ ነበር። ታክሲ ነጂው ሞተሩን አጠፋ።

ትብለጥ መንገዱ ሰፊ ነው፣ እለፈው አለችው። ነጂው ልጆች አሉኝ አላት። እኔ ልንዳ አለችው። ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተው። ወርዳ ሮጠች። የቢሻው አጃቢ ደረቷ ላይ እጁን ዘርግቶ አቆማት። ሰው እየሞተ ነው አለችው። አጃቢው በትሕትና፣ ሹሙ እሸት እየበሉ ስለሆነ እንደጨረሱ ይነገራቸዋል፣ ሕመምተኛውም ተራውን ጠብቆ ይድረስ አለ። ከአጃቢው ትከሻ በላይ አሻግራ ቢሻውን አየችው። በቆሎውን በጥርሱ ሳይሆን በጣቱ እየፈለፈለ፣ አንድ በአንድ ነበር የሚበላው። አየት አደረጋትና በደግነት አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አላት።

ተመልሳ ስትመጣ አቶ ዘገየ ዓይናቸውን ገልጠው ነበር። መኪና ውስጥ መሆናቸው ገብቷቸዋል።

«አንቺ ነሽ የምትነጂው?» አሏት።

ትብለጥ ነጂውን ገፍታ ከመሪው ጀርባ ተቀመጠች። ቁልፍ የለም፤ ሞተሩ ጠፍቷል። መሪውን ያዘች፣ ማርሹንም ያዘች።

«እኔ ነኝ፣ አባባ» አለች።

«ነፋሱ አልተሰማኝም» አሉ። ሌላ አልተናገሩም። እሸቱ አልቆ ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ሰውነታቸው መቀዝቀዝ ጀምሮ ነበር። ይርዳው አባቱን እንዳቀፈ ነው።

ከሐዘኑ በኋላ፣ የምስጋናው ቀን ሲደርስ ትብለጥ ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች ልክ ቤት ሄደች። ይርዳው ከኋላዋ ተከተላት፤ አልጠራችውም፣ አልከለከለችውምም። አዳራሹ ሙሉ ነበር። ከምዝገባ የተመለሰ ሬዲዮ የታቀፈ፣ አንድ ጎማ ብቻ የቀረለት ብስክሌት የያዘ፣ መስተዋት አልባ መነጽር ያደረገ፣ ሁሉም ለማመስገን ተራውን ይጠብቃል። ትብለጥ ተራ አልጠበቀችም። ወደ መድረኩ ቀጥ ብላ ሄዳ በስሜ የተሰጣችሁን ምስጋና መልሱልኝ አለች።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀርቦ አያውቅም። ሹሞቹ ተሰብስበው ተንሾካሾኩ። በመጨረሻ ቢሻው ተነስቶ፣ ጥያቄው በጨዋነት ከታየ እንደማይከለከል፣ ነገር ግን ምስጋናን መልሶ ሊወስድ የሚችለው ያመሰገነው አፍ ብቻ እንደሆነ ገለጸ። ያ አፍ ደግሞ የእሷ አልነበረም። አዳራሹ ሁሉ ዞሮ በሩ አጠገብ የቆመውን ይርዳውን አየ።

ትብለጥ ብዙ ልትለው ትችል ነበር። እሷ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

ይርዳው በሰዎቹ መሐል እየተጋፋ መጣ። ለመቅደም ይቅርታ አልጠየቀም። መድረኩ ሥር ሲደርስ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ምስጋናዬን መልሱ» አለ።

ቢሻው አልሰማሁም ብሎ ጆሮውን አዘነበለ። እውነትም አይሰማም ነበር።

«ምስጋናዬን መልሱ አልኩ።» በዚህኛው የድምፅ ሹሙ ጆሮውን ያዘ።

«ምክንያት?»

«አባቴ ከኋላችሁ ሞተ።»

ቢሻው ከልቡ አዘነ። ማዘኑ እውነት ነበር፤ እንዲህ ያሉ ሰዎች የሚያስፈሩት ለዚህ ነው። «እግዚአብሔር ያጽናህ፣ ልጄ» አለ። «ግን እስቲ አስበው፤ ከፊታችን ቢሞት ይሻል ነበር? ሽማግሌ ሰው በስተርጅና በመቅደም ሊከሰስ?»

በአዳራሹ ማንም አልሳቀም። የሚያስቅ ነገር የሰማ አልነበረም።

ይርዳው ያን ጊዜ የጮኸውን ጩኸት እኔ ልጽፈው አልችልም። ቃል አልነበረውም። ከዓመት በላይ ያጠራቀመው ድምፅ በአንድ ጊዜ ወጣ፤ የመስኮቱ መስተዋት ነዘረ፣ የድምፅ ሹሙ ጠረጴዛ ሥር ገባ። ሲጨርስ ትብለጥ አጠገቡ ቆማለች። ፊቷ አልተፈታም፤ ግን አጠገቡ ቆማለች።

ምስጋናው ተመለሰ። ምስጋናው ሲመለስ ታርጋው ተነሳ፣ ባልና ሚስቱም በሚቀጥለው መርከብ ካገር ይውጡ ተባለ። ትብለጥ መኪናዬን ይዤ እሄዳለሁ ስትል የማይንቀሳቀስ ንብረት ከአገር አይወጣም አሏት። ቢሻው እንደ ልማዱ ሊሸኛቸው ብድግ አለ፤ ጀርባቸውን ሰጥተውት ወጡ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ የተከተላቸው የለም። ሬዲዮውን የታቀፈው ሰው መድረኩ ላይ ወጥቶ ማመስገን ጀምሮ ነበር። አንዲት ሴት ብቻ፣ በሩ ላይ ያገኟት፣ ወደ ጎን ቆም ብላ «ቅደሙ» አለቻቸው። በዚያ አገር ይህ ቃል ከሰው አፍ ሲወጣ ይርዳው ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው ያለችው፤ ብላዋለች ግን።

መርከቡ ከወደቡ ሲርቅ ሁለቱ የኋላው መደገፊያ ላይ ቆመው ነበር። የአቶ ዘገየ መቃብር ያለበት ኮረብታ ይታያል። ከታች በግቢያቸው የቀረችው መኪና አትታይም፤ ትብለጥ ግን ቢጫ ነገር ባየች ቁጥር ዓይኗ እየተታለለ ብዙ ቆየች። ነፋሱ ኃይለኛ ነበር። ይርዳው ሊያናግራት ፈልጎ ብዙ ጊዜ ተወው። ኮረብታውም ጭራሽ ሲጠፋ ነው ደፍሮ የጠየቃት።

«እኔ ላይ ያለሽ ንዴት አልወጣልሽም፣ አይደል?»

«አልወጣልኝም» አለች።



«አይውጣልሽ» አላት።